በአራት ቀፎ ላይ የተጣለ ማዕቀብ

መምህር አለኸኝ ማረፋቸውን የሰማሁት ከባጃጅ ሹፌር ነው። እንጅባራ ገበያ ዳር አንድ ጆንያ ድንቼን ሊጭንልኝ ጎንበስ እንዳለ፣ «መምህር ማዕቀብ አረፉ እኮ፤ አልሰማሽም?» አለኝ። የከተማው ሰው በዚህ ስም ነበር የሚጠራቸው። እኔ የሰፈራችን እድር ጸሐፊ ነኝ፤ ሞት ከማንም በፊት የሚነገረው ለእኔ ነው። የመምህሬን ሞት ከባጃጅ ሹፌር መስማቴ አናደደኝና ልጁን በማያገባህ ገባህ ብዬ ተቆጣሁት። ቤቴ ስደርስ ግን ቁጣው የት እንደገባ አላውቅም፤ ድንቹ ላይ ተቀምጬ አለቀስኩ።

ዘጠነኛ ክፍል ጂኦግራፊ ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው። ረጅም፣ ቀጭን፣ አንገታቸው ወደ ግራ ያዘመመ ሰው ነበሩ። አንገታቸውን ያዘመመው ሬዲዮ ነው። ትንሿን ሬዲዮአቸውን በጆሯቸውና በትከሻቸው መካከል ወትፈው ሁለት እጃቸውን ለሌላ ሥራ ነጻ ማድረግ ለምደው፣ ሬዲዮው በሌለበት ጊዜም አንገታቸው እዚያው ቀርቶ ነበር። ፎቶ አንሺው በየጊዜው «መምህር፣ አንገትዎን ያቅኑት» ሲላቸው፣ «ቀጥ ብሎ እኮ ነው ያለው፤ አንተ ነህ ያዘመምከው» ይሉታል።

ከዓለም ዜና ሁሉ የሚወዱት የኒውክሌሩን ነው። አንድ አገር ዩራኒየም አበለጸገ ከተባለ ያን ቀን ምሳ አይበሉም። ክፍል ውስጥም ስለ ዝናብ መጠን ጀምረው ማዕቀብ ላይ ነው የሚጨርሱት። «አንዱ ቦምቡን ሲሠራ ጎረቤቱም ይሠራል። የጎረቤቱ ጎረቤትም ይሠራል። በጦር ልከልክል ካልክ ያው ጦርነት ነው። ዝም ካልክ ሁሉም ይታጠቃል። በመካከል ያለው ማዕቀብ ነው። ባንኩን ትዘጋበታለህ፣ ነዳጁን አትገዛውም፣ መለዋወጫ አትሸጥለትም። ሲጨንቀው በገዛ እግሩ ወደ ጠረጴዛው ይመጣል።»

አንድ ተማሪ ተነሥቶ፣ «ባይመጣስ መምህር?» አላቸው።

ጠመኔውን አስቀምጠው ረጅም ጊዜ በመስኮት ወደ ውጭ አዩ። «ማዕቀቡ ይጠናከራል» አሉ በመጨረሻ።

ቤታቸውም የሚተዳደረው በዚሁ ሕግ ነው። ባለቤታቸው እትዬ ሙሉ ወጡን ጨው ካበዙበት መምህር መጀመሪያ «ስጋቴን እገልጻለሁ» ይላሉ። በማግስቱም ከተደገመ «ጥልቅ ስጋቴን እገልጻለሁ» ይሆናል። በሦስተኛው ቀን «በጽኑ አወግዛለሁ» ብለው እጃቸውን ከትሪው ላይ ያነሣሉ። እትዬ ሙሉም፣ «ትበላ እንደሁ ብላ፤ አለዚያ ላንሳው» ይላሉ። ይበላሉ። እንዲጨመርላቸውም ይጠይቃሉ።

ከሬዲዮው ሌላ የሚወዱት ዳማ ፈረሳቸውን ነው። በእኛ በአዊ አገር ፈረስ መውደድ ምንም አይገርምም፤ የዳማው ግን ትንሽ ያስገርማል፤ አርጅቷል። በጥር የፈረሰኞች በዓል ሌሎቹ ጋልበው ደርሰው ሲመለሱ ዳማውን መንገድ ላይ ነው የሚያገኙት። መምህር ግን ቀይ የበዓል ጌጡን፣ መጣምሩን፣ አልብሰው፣ ራሳቸውም ሱፍ ለብሰው፣ አንገታቸውን አዘምመው በእርጋታ ይሄዳሉ። «ፈረሱ ሳይሆን የሚሮጡት ናቸው የተሳሳቱት» የሚሉ ይመስላሉ። አመሻሽ ላይ ደግሞ ጋጣው ደጃፍ በርጩማ አውጥተው ዜናውን አብረው ይሰማሉ። ልጅ የላቸውም። እትዬ ሙሉ አንዳንዴ፣ «ከእኔ ጋር ከሚያወራው ከፈረሱ ጋር የሚያወራው ይበልጣል» ይሉ ነበር፤ ቅሬታ አልነበረበትም።

የማዕቀቡ ነገር የተጀመረው አያ ፈንታ ብሳና ዛፋቸው ላይ አራት ቀፎ ንብ የሰቀሉ ጊዜ ነው። አያ ፈንታ የመምህር የአጥር ጎረቤት ናቸው። ከዘንገና ወደ ከተማ የገቡ ገበሬ፣ ከሰው ጋር በአማርኛ ከንቦቻቸው ጋር በአዊኛ የሚነጋገሩ፣ ንግግራቸውም ለንቦቹ የሚበዛ ዝምተኛ ሰው። ብሳናው የቆመው አጥሩ ሥር ነው። ከአጥሩ ወዲህ ደግሞ የዳማው ችካል አለ፤ ግቢው ጠባብ ስለሆነ ፈረሱን የሚያስሩበት ሌላ ቦታ የላቸውም። ንብ የፈረስ ላብ እንደማይወድ እኛ አገር ሕፃን ልጅ ያውቃል። የታሰረ ፈረስ ላይ ከወረደ ደግሞ አይለቀውም። በዚያው ሰሞን አዲስ ቅዳም መንገድ ላይ ከሰል የጫነ አህያ በንብ ተነድፎ መሞቱን ሰፈሩ ሁሉ ሰምቷል። መምህርም ሰምተዋል።

ሌላ ሰው ቢሆን አንገቱን ከአጥሩ በላይ ብቅ አድርጎ፣ «ፈንታ፣ ለፈረሴ ፈራሁለት፤ ንብህን ወዲያ አድርግልኝ» ይላል። መምህር አለኸኝ የእድሩን አስቸኳይ ስብሰባ ጠሩ።

ስብሰባው ላይ ፈረሱን አንድም ጊዜ አላነሡም። «በአራት ቀፎ የተነሣ የሰፈራችን ሰላም አደጋ ላይ ወድቋል» ብለው ጀመሩ።

አያ ፈንታ ከኋላ ተነሥተው፣ «ለማር ነው እኮ» አሉ።

«ዩራኒየም የሚያበለጽገውም ለመብራት ነው ይላል» አሏቸው መምህር።

መብራቱ ከየት እንደመጣ ማናችንም አልገባንም፤ አያ ፈንታም ግራ ተጋብተው ተቀመጡ። ያን ጊዜ ጡረተኛው ሃምሳ አለቃ ደሴ ተነሡ። እሳቸው በሌላው ወገን ከአያ ፈንታ ጋር ይዋሰናሉ፤ በአንድ የአጥር እንጨት የተነሣም ተኳርፈው ያውቃሉ። «እሱ አራት ካለው እኔም እሰቅላለሁ። እኔም ድንበር አለኝ» አሉ። ያሉትንም አደረጉ፤ በሳምንቱ ሁለት የቀርከሃ ቀፎ በረንዳቸው ላይ ተንጠለጠለ። ንብ አለበት ወይ ሲባሉ፣ «እሱን አልናገርም» ይላሉ። እኔ ልናገር፤ ንብ የሚባል አልነበረበትም። ባለቤታቸው ሽንኩርት ታስቀምጥበት ነበር።

መምህር በረንዳውን ሲያዩ ፊታቸው ገረጣ። «ይኸውልሽ፣ መስፋፋት ማለት ይህ ነው» አሉኝ። ያን ቀን ምሳ አልበሉም።

ከዚያ የቁጥጥር ቡድን ተቋቋመ፤ መምህር፣ ሃምሳ አለቃ ደሴና እኔ። ሃምሳ አለቃ ራሳቸው ቀፎ ሰቅለው እንዴት ተቆጣጣሪ ይሆናሉ ብዬ ብጠይቅ፣ መምህር «በዓለምም እንደዚሁ ነው፤ ጻፊ» አሉኝ። አያ ፈንታ በደስታ አስገቡን። እንግዳ የመጣ መስሏቸው ማር በሰሃን አቀረቡ። መምህር፣ «ተቆጣጣሪ አይበላም» ብለው ፊታቸውን አዞሩ። ሃምሳ አለቃ በሉ። እኔም በላሁ፤ እውነቱን ለመናገር እንደዚያ ያለ ማር በልቼ አላውቅም። መምህር ብሳናው ሥር ቆመው ጣታቸውን ቀስረው «አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት» ብለው ሲቆጥሩ አንዲት ንብ የላይኛው ከንፈራቸው ላይ አረፈችና ነደፈቻቸው። ሳይጮኹ «አራት» አሉና ጨረሱ።

በማግስቱ ማዕቀቡን ያወጁት በዚያ ባበጠ ከንፈር ነው። ቃለ ጉባኤውን ግማሹን የጻፍኩት በግምት ነው።

ማዕቀብ ለእኛ አገር ሰው አዲስ ነገር አይደለም። ጥፋተኛ እሺ አልል ካለ እሳትና ውሃ ይከለከላል፤ ፍም የሚያበድረው፣ ከምንጭ የሚያስቀዳው ሰው ያጣል። ሽማግሌዎቹም ይህንኑ አመጡ። መምህር ደነገጡ። «ይህማ የመጨረሻው እርምጃ ነው። እኛ ደረጃ በደረጃ ነው የምንሄደው። ሰብአዊ ነገር ደግሞ አይነካም» አሉ። ስለዚህ እሳት ወጣ። ውሃ ወጣ። ጨው፣ መድኃኒት፣ ቤተ ክርስቲያን፣ ለቅሶና አራስ ጥየቃ ወጡ። አንዱ «ጠላስ?» ብሎ ጠየቀና አንድ ሰዓት ተከራከርንበት፤ ጠላም ሰብአዊ ነው ተብሎ ወጣ። መጨረሻ ላይ የቀረው ሁለት ነገር ብቻ ነው።

አንደኛው የእድሩን ዕቃ አለማዋስ ነው፤ ድንኳኑን፣ አግዳሚ ወንበሩን፣ ብረት ድስቱንና ረጅሙን መሰላል። ሁለተኛው የሰላምታ ቅነሳ ነው። ይህን ያመነጩት መምህር ራሳቸው ናቸው፤ እስከ ዛሬም የሚመስለው ማዕቀብ በዓለም ላይ መጣሉን አልሰማሁም። እኛ ዘንድ «እንደምን አደሩ» ብሎ የጀመረ ሰው ልጆቹን፣ ከብቱን፣ ሰብሉን፣ የአማቱን ወገብ ሳይጠይቅ አያልፍም። በማዕቀቡ መሠረት ለአያ ፈንታ «እንደምን አደሩ» ይባላል። ከዚያ በኋላ ያለው ሁሉ ክልክል ነው።

እንዴት እንደሚከብድ ያላየው አያውቀውም። ሰው ሁሉ ማስነጠሱን ያፈነ መሰለ። አፋችን ለምዶ ወደ ልጆቹ ይሮጣል፤ እኛ እንይዘዋለን። አንዳንዱ አያ ፈንታን ላለማግኘት በወፍጮ ቤቱ ዞሮ መሄድ ጀመረ። ሃምሳ አለቃ ደሴ ግራ ቀኝ አይተው ሁሉንም በአንድ ትንፋሽ በሹክሹክታ ይጠይቁና መልሱን ሳይሰሙ ያመልጣሉ። እኔ አንድ ቀን ወፍጮ ቤት በር ላይ አገኘኋቸውና፣ «እንደምን አደሩ አያ ፈንታ» ብዬ አፌን በነጠላዬ ያዝኩት። ቆመው አዩኝ። የቀረውን እየጠበቁ ነበር። ጸሐፊ ነኝና ዝም አልኩ። እሳቸው «እግዚአብሔር ይመስገን» ብለው ጆንያቸውን ተሸክመው ሄዱ። ያን ጊዜ በራሴ የተናደድኩትን ያህል በማንም ተናድጄ አላውቅም።

በዚህ ሁሉ መካከል መምህርን የማየው እኔ ነኝ፤ ቃለ ጉባኤ ላስፈርም ቤታቸው እሄዳለሁ። ቀትር ላይ፣ ፀሐዩ በርትቶ ንቦቹ ሲንጫጩ፣ በዳማውና በአጥሩ መካከል ይቆማሉ። በእጃቸው ውሃ የነከሩት ጆንያ አለ፤ ሬዲዮዋ ትከሻቸው ላይ ናት። ፈረሱ ቆዳውን ባንቀጠቀጠ ቁጥር እርጥቡን ጆንያ ጀርባው ላይ ይጥሉለታል።

«ምን እያደረጉ ነው መምህር?»

«ቀጠናውን እየተከታተልኩ ነው።»

ፈርተው ነበር። እኚያን ሰው እንደዚያ ሲፈሩ አይቼ አላውቅም። «እሺ፣ ይፈርሙ» ብዬ ወረቀቱን ዘረጋሁላቸው።

ክረምቱ ወጣ፤ አበባው ፈነዳ፤ ንቡም በዛ። አንድ ቀን ሁለት ሦስት ንብ ዳማውን አፍንጫው ላይ ነደፈው። ችካሉን ነቅሎ፣ ገመዱን እየጎተተ፣ የእትዬ ሙሉን ጎመን ረጋግጦ የግቢው በር ላይ ተላተመ። የዚያን ዕለት ቃለ ጉባኤ ይዤ ስደርስ መምህር የፈረሱን አፍንጫ በእርጥብ ጨርቅ ይዘው ጋጣ ውስጥ ገብተዋል። እትዬ ሙሉ ግን ነጠላቸውን አደግድገው በቀጥታ ወደ አጥሩ ሄዱ።

«አያ ፈንታ፣ እንደምን አለህ? ልጆችህ ደህና ናቸው? ላሚቱ ወለደች? የእህትህ ጉልበት ተሻላት? ንቦቹስ እንዴት ናቸው?»

አያ ፈንታ ወደ አጥሩ ቀረብ አሉ። «ደህና ነን እትዬ ሙሉ። ላሚቱ ጥጃ ወልዳለች። ንቦቹማ ቦታ ጠቧቸዋል፤ ዘንገና እህቴ ዘንድ ልወስዳቸው ካሰብኩ ሰነበትኩ።»

«ታዲያ ምን ያዘህ?»

«መሰላል አጣሁ። የሰቀልኳቸው በእድሩ መሰላል ነበር።»

እትዬ ሙሉ ዞር ብለው አዩኝ። የእድሩ ዕቃ ቤት ቁልፍ አንገቴ ላይ ነው።

ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል መሰላሉን አወጣሁ። አያ ፈንታ የየቀፎውን አፍ በጨርቅ እያሰሩ አራቱንም አወረዱ፤ አንድም ባጃጅ እሺ ስላላለ አራት ሰዎች በሸክም ይዘዋቸው ወጡ። እትዬ ሙሉ፣ «እሱ ዜና ላይ ነው፤ አይሰማም። እናንተም አልሰማችሁም» እያሉ ቤት ለቤት ዞሩ።

በማግስቱ መምህር ባዶውን ብሳና አይተው ስብሰባ ጠሩ። «ማዕቀቡ ውጤት አስገኝቷል» ሲሉ ሁላችንም አጨበጨብን። ከሁሉ በላይ ያጨበጨቡት አያ ፈንታ ናቸው። ከዚያ መምህር ከመድረኩ ወርደው የወራቱን ሰላምታ በአንድ ጊዜ አወጡት፤ ልጆቹን በየስማቸው፣ ላሚቱን፣ ጥጃዋን፣ እህታቸውን፣ የእህታቸውን ጉልበት። ስብሰባው የተበተነው እሳቸው ጠይቀው ሳይጨርሱ ነው።

ከዚያ በኋላ ለዓመታት፣ ሬዲዮው አንድ አገር ላይ ማዕቀብ ተጣለ ባለ ቁጥር፣ ሰውም ማዕቀብ ምን ይጠቅማል ብሎ በተከራከረ ቁጥር፣ «ይሠራል፤ እኛ በዓይናችን አይተነዋል» ይሉ ነበር። እኛ ጫማችንን እናያለን። ሰፈር ሙሉ ሕዝብ አንድ ምሥጢር ይጠብቃል ቢሉኝ አላምንም ነበር፤ ይህኛውን ግን ሕፃናቱም ጠበቁት።

መጨረሻ ያየኋቸው ታመው ከተኙ በኋላ ነው። አልጋቸው አጠገብ ተቀምጬ ሳለ ሬዲዮው ስለ ኒውክሌርና ስለ ማዕቀብ ጀመረ። እጃቸውን ዘርግተው ዘጉት። በዜና መሐል ሬዲዮ ሲዘጉ ያየሁት ያን ጊዜ ብቻ ነው።

«ማዕቀብ ይሠራል ትያለሽ?» አሉኝ።

«ይሠራል እንጂ መምህር። የእኛው ሠርቶ የለ?»

ፈገግ አሉ። «እኔ እኮ ያን ዕለት ጋጣው ውስጥ ነበርኩ። ሙሉና ፈንታ የተነጋገሩትን ሰምቻለሁ። አንቺ መሰላሉን ስትጎትቺም በቀዳዳ አይቼሻለሁ። እግርሽን መታሽና የማይጻፍ ስድብ ተሳደብሽ።»

የምገባበት ጠፋኝ። «ታዲያ ለምን ዝም አሉ?»

«ሰፈሩ ሁሉ እኔን ላለማሳፈር ሲደክም እንዴት ላሳፍራችሁ?»

ከዚያ ያልጠየቅኋቸውን ነገሩኝ። በወጣትነታቸው ዘንገና ሲያስተምሩ አያ ፈንታ ሊያገቡ ነው። ሙሽራዋን የሚያመጡበት ፈረስ ሊለምኗቸው መጡ፤ የዳማውን አባት። መምህር ከለከሏቸው። «አዲስ ኮርቻ ገዝቼ ነበር፤ ይቆሽሽብኛል ብዬ ነው። ሚስቱን በእግሩ ሄዶ በእግሯ አመጣት። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ባየሁት ቁጥር የሚታየኝ እሱ ነው። እኔ ፈረስ ከልክዬው፣ ስለ ፈረሴ ብለህ ብዬ እንዴት ልለምነው? አፈርኩ። ስለዚህ የእናንተን እድር ይዤ መጣሁበት።» ዓይናቸው እንባ አቅርሮ ነበር። ይቅርታ ይጠይቁ እንደሆን ብዬ አያ ፈንታን ልጥራቸው ወይ አልኳቸው። «ነገ» አሉ። በማግስቱ እኔ ድንቼን ልገዛ ገበያ ወጣሁ፤ ስመለስ ያ የባጃጅ ሹፌር ነገረኝ።

በሠልስቱ አያ ፈንታ ድንኳኑ ጥግ ብቻቸውን ተቀምጠው አገኘኋቸው። አጠገባቸው ቁጭ ብዬ መምህር ያሉትን አንድ ሳላስቀር ነገርኳቸው፤ ኮርቻውን፣ ሰርጉን፣ ሠላሳውን ዓመት። ጋቢያቸውን እስከ አፍንጫቸው ስበው ሰሙኝ።

«ፈረስ? ለእኔ?» አሉ።

«አዎ፣ ለሰርግዎ።»

«እኔ እኮ ፈረስ እፈራለሁ። ልጅ ሆኜ ጥሎኝ ክንዴን ሰብሮኛል። ያን ጊዜ አባቴ ነው ሙሽራ በእግሩ አይሄድም፣ መምህሩን ለምን ብሎ ያስገደደኝ። አለኸኝ እምቢ ሲለኝ መሬት ስሜ ተመለስኩ። እስከ ዛሬ በልቤ ሳመሰግነው ነው የኖርኩ።»

«ለምን አልነገሯቸውም ታዲያ?»

«የአዊ ሰው ሆኜ ፈረስ እፈራለሁ ልበል?»

ለቅሶ ቤት መሆኑን ረስቼ ልስቅ ነበር፤ ፊታቸውን ሳይ ተውኩት። ተጨንቀው ነበር። ጎንበስ ብለው በጆሮዬ፣ «አሁን ደግሞ እትዬ ሙሉ ዳማውን ውሰደው ብላኛለች። ከአንተ በቀር ለማንም አልሰጠውም ነው የምትለኝ። ሦስት ቀን ሙሉ ሣር የምሰጠው በቀርከሃ ጫፍ እያሰርኩ ነው» አሉ።

«ታዲያ ይንገሯቸዋ።»

«አፍራለሁ» አሉ።

ተነሥቼ ጓዳ ገባሁ። እትዬ ሙሉ ከሴቶቹ መካከል ተቀምጠዋል። ፊታቸው ተንበርክኬ ከኮርቻው እስከ ቀርከሃው ያለውን ሁሉ ነገርኳቸው። መጀመሪያ ትከሻቸው ተንቀጠቀጠ፤ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አደረጉ፤ ከዚያ ሊይዙት አልቻሉም፣ ሳቁ። ሴቶቹ ተደናግጠው ያዩናል።

«ይህን ሳይሰማ ሄደ እኮ» አሉኝ እጄን ይዘው፤ ከዚያ በኋላ ያለቀሱት ሳቁ ሳያልቅ ነው።